የተምቤኑ ሰው ምላጭ

ከጂዛን ሜዳ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ተራራው ሲጀምር እርከን እርከን ሆኖ የታረሰውን የፊፋን አገር ያያል። የድንጋዩ ካብ፥ ቡናውና የጧቱ ጉም ለሐበሻ እንግዳ አይሆኑበትም። በዚያ ተራራ ከአንድ ገበሬ ዘንድ ካብ እየጠገነና ፍየል እየጠበቀ የሚኖር አንድ የተምቤን ሰው ነበረ። ከአገሩ በወጣ ጊዜ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበረ፤ አሁን ግን ጠጕሩ መሸበት ጀምሯል።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ በትግራይ ሲነሣ ስልኩ ተቋረጠ፤ የአባቱም ድምፅ አብሮ ተቋረጠ። የሰላሙ ውል በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ፥ አንድ የመንደሩ ወጣት በኦቦክ ባሕሩን ተሻግሮ፥ በየመን በረሃውን አቋርጦ፥ በሌሊት ድንበሩን ዐልፎ መጣ። ያ መንገድ የሞት መንገድ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚያ ድንበር በጠባቂዎች ጥይት እንዳለቁ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጽፏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ግን አስተባብሏል። ወጣቱ በሕይወት ደረሰና እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፥ እግዜር ያጥናዎ። አባትዎ ካረፉ ዓመት ዐለፋቸው። ይህን እናትዎ ላኩልዎ።» በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣው የአባትየው ምላጭ ነበረ፤ እጀታው የሚታጠፍ፥ የባሕሩ ጨው ዝገት ያሳደረበት።

በአገሩ ልማድ አባቱ የሞተበት ሰው ራሱን ይላጫል። በየሱቁ ተላጭተው የሚጥሉት ምላጭ በርካሽ ይሸጣል፤ እርሱ ግን በዚያ መላጨትን አልወደደም። ተዝካር ለማውጣት ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር፥ ለአባቱ ሊያደርግ የሚችለው ይህን ብቻ ነበረ።

ስለዚህ መሳያ ድንጋይ ፍለጋ ጀመረ። የጂዛን ከተማ ከምድር ውስጥ ገፍቶ በወጣ የጨው ጕብታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከሰብያ አጠገብ ያሉት ጥቋቍር ኮረብቶችም ከእሳተ ገሞራ የወጡ ስለ ሆኑ ድንጋያቸው ቀዳዳ የበዛበት ነው። ለወፍጮ ይሆን ይሆናል፥ ለምላጭ ግን ጠላት ነው። እርሱ የሚፈልገው የጥንት ጭቃ በምድር ክብደትና ሙቀት ተጨምቆ የሆነውን፥ እንደ ብራና ገጽ የሚገነጠለውን፥ ፈረንጆች ስሌት የሚሉትን ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው በተምቤን ሞልቷል። የምድር ጥናት ሊቃውንት እንደሚናገሩት፥ ቀይ ባሕር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መከፈት ሳይጀምር የሁለቱ ማዶ ተራሮች ያልተከፈለ አንድ አለት ነበሩ። ሰውዬው ይህን አልተማረም፤ ነገር ግን ጐርፍ ባወረደው ጠጠር መካከል የአባቱን ደጃፍ ድንጋይ የመሰለ ባገኘ ጊዜ አልተደነቀም።

ሰባት ድንጋይ ተሸክሞ ወጣ። አባቱ ያደርጉ እንደ ነበረው እያንዳንዱን በገመድ አንጠልጥሎ መታው። በጣና ገዳማት የደወል ድንጋይ የሰማ ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ ጤናማ ድንጋይ ይጮኻል፥ ውስጡ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይታፈናል። ሦስቱ ታፈኑ። በአራቱ ላይ ሎሚ ጨመቀባቸው፤ አንዱ አረፋ ደፈቀ፥ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ እርሱንም ጣለው። የቀሩትን ሦስት በአሸዋና በውኃ እያሸ ፊታቸውን አስተካከለ። ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም ባንድነት ድንጋዩን መንካት አለባቸውና፥ ጐድጓዳ ወይም ጕብጥ ፊት ያለው ድንጋይ ስለቱን ያጠፋዋል።

እዚህ ላይ ቸኰለ። በመጀመሪያ በማጀት ቢላዋ መሞከር ሲገባው፥ ከሦስቱ እጅግ ያማረውን መርጦ ምላጩን አሳረፈበት። በሁለተኛው ስበት አንዳች ነገር ከረከረ። ከጭቃው ጋር የተጋገረች የአሸዋ ቅንጣት ኖራ ከስለቱ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቍራጭ ነቅላለች። በዚያች ሌሊት ከአባቱ መርዶ ይልቅ ያስለቀሰው ይህ ነበረ ይባላል። ሊፈረድበት አይገባም፤ ስለት ያለ ብረት ተፍቆ ዐይመለስምና፥ ያችን ጐደሎ ለማጥፋት የሚፋቀው ሁሉ አባቱ በእጃቸው ከያዙት የሚቀነስ ነው።

ሁለቱን ቀሪዎች በቢላዋ ፈተነ። ባንደኛው ላይ ውኃው እንደ ነጣ ቀረ፤ ድንጋዩ ብረቱን አልነካውም። በሁለተኛው ላይ ውኃው ቀስ እያለ ጠቈረ። በስልኩ ካሜራ አጕልቶ ሲያየው፥ በቢላዋው ላይ የተሰመሩት መሥመሮች ቀጫጭንና እኩል ነበሩ። በዚህ ድንጋይ አራት ሌሊት ስለቱን ወደ ፊት እየገፋ ሳለ፤ በመጨረሻም በፍየል ጠፍር ላይ ጀርባውን እያስቀደመ አጠራው። ከራሱ አንድ ጠጕር ነቅሎ ስለቱን አስነካው፤ ጠጕሩ ያለ ድምፅ ተቈረጠ።

በማግሥቱ ጧት ወጣቱ ላጨው። ዕንባም ደምም አልነበረም። ወጣቱ የራሱንም ጠጕር እንዲላጭለት በለመነ ጊዜ ግን ሰውዬው እንቢ አለ፤ አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው በሽታ ያስተላልፋልና፥ ከሱቅ አዲስ ገዝቶ ላጨው። የወጣቱም አባት በዚያው ጦርነት ሞተዋል።

ሰውዬው ድንጋዩን አጠበውና በገበሬው እርከን ላይ ሊጠግነው ከጀመረው ካብ ራስ ላይ፥ ፀሐይ እንዲያደርቀው፥ አኖረው።