ከጣና ወደ ደብረ ታቦር ስለ ወጡ ዓሦች

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ፥ የፎገራን ሜዳ እያየ ወረታ ይደርሳል። ይህ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ስለ ሆነ ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዓለም በርን ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ ዳገት፥ አየሩም ቀዝቃዛ እየሆነ ይሄዳል፤ ሩዙ ቀርቶ ገብስና ድንች ይተካል፤ ጋቢውን ረስቶ የመጣ ሰውም ይጸጸታል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ነው። እኛም ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ይህን መንገድ ስንወጣ በእግራችን መካከል አንድ ጀሪካን ይዘን ነበር። በጎናችን የተቀመጠው ተሳፋሪ ጠላ መስሎት ፈገግ አለ፤ በውስጡ የነበሩት ግን 40 ታናናሽ ቀረሶዎች ነበሩ።

የነገሩ መነሻ የታላቅ ወንድማችን ኩሬ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፥ ከድርቁ ዘመን በኋላ፥ በዐማራ ክልል በየገበሬው ጓሮ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬ እንዲቆፈር ትልቅ ዘመቻ ተደርጎ ነበር። በፋርጣ ያለው ወንድማችንም ርዝመቱ 16 ክንድ፥ ወርዱ 12 ክንድ፥ ጥልቀቱ 4 ክንድ የሆነ ጕድጓድ ቈፍሮ ላስቲክ አነጠፈበት። ላስቲኩን ፀሓይ አደረቀው፤ አይጥ በላው፤ የከብትም ኮቴ ቀደደው። ከሦስት ዓመት በኋላ ኩሬው በጥቅምት ሞልቶ በኅዳር የሚደርቅ፥ ልጆች እንዳይገቡበት እሾህ የሚታጠርበት ጕድጓድ ሆኖ ቀረ። እንደዚሁ የቀረው ኩሬ የእርሱ ብቻ አልነበረም።

እኛ በልጅነታችን የዜማ ተማሪ ሆነን ለመምህራችን ውኃ በእንስራ የቀዳን፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ሳይንስ የቀመስን ነን፤ አሁን የምንበላው የችሎት መዝገብ በመጻፍ ነው። ስለዚህ ኩሬውን እንደ ክስ መዝገብ መርምረን ለመፍረድ ደፈርን። በመጀመሪያ ውኃው በፀሓይ እየተነነ ወይስ ወደ መሬት እየሰረገ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ባልዲ ውኃ ሞልተን በኩሬው ዳር አስቀመጥን፤ በባልዲውም በኩሬውም ላይ ምልክት አደረግን። በሁለቱ ያለው ውኃ እኩል ቢጐድል ጥፋቱ የፀሓይ ነው፤ የኩሬው አብልጦ ቢጐድል ግን ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በሦስት ቀን የባልዲው የጣት ውፍረት ሳይሞላ የኩሬው አንድ ስንዝር ወረደ። ከዚያም እየወረደ ሄዶ በአንድ መሥመር ላይ ሲቆም፥ ቀዳዳው በዚያው መሥመር ዙሪያ መሆኑ ታወቀ።

ኩሬውን ሙሉ ለሙሉ ለመጠገን አቅም ስላልነበረን ከሁለት ከፈልነው። ግማሹን ዋልካ አፈር ከጭድ ጋር አቡክተን በእግራችን እየረገጥን ለሰነው፤ በላዩም አዲስ ላስቲክ አነጠፍን። ዋልካ እርጥብ ሲሆን ውኃ ይቋጥራል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃልና አንድ ቀንም ቢሆን ባዶ መተው አይገባም። ይህን ያወቅነው አንድ ጊዜ ተሳስተን ነው። ሌላውን ግማሽ ጠጠር ሞልተን ለአትክልት አደረግነው። ክረምቱ ሲገባ የቤቱን ቆርቆሮ አሸንዳ ወደ ኩሬው መለስንና እስከ መስከረም ሞላ።

ፈረንጆች አኳፖኒክስ የሚሉት ይህ ጥበብ አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ሲበላ ከሰውነቱ አሞንያ ያወጣል፤ አሞንያም ሲበዛ ራሱን ዓሣውን ይገድለዋል። ውኃው በጠጠሩ መካከል ሲያልፍ በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ለጎመን ፍግ ነው። ጎመኑ ድርሻውን ወስዶ የጠራውን ውኃ ለዓሣው ይመልሳል። እኛም በፀሓይ ኀይል የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ገዝተን ውኃውን ቀን ቀን አዞርነው።

እናታችን ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፥ ሰው ወረፋ ይዞ ውኃ በሚቀዳበት አገር ለዓሣ ኩሬ ይሞላል?» አሉን። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ እኛም «እማዬ፥ አንቱ ለጎመኑ በቀን 4 ጀሪካን ያፈሳሉ፤ ይህ ግን ያንኑ ውኃ መልሶ መላልሶ ያጠጣል» አልናቸው። በኋላ ስንቈጥር የሚጨመረው በሳምንት 6 ጀሪካን ሆኖ ተገኘ።

በመሥሪያ ቤታችን ያለ አንድ ወዳጃችን «ቀረሶ የቆላ ዓሣ ነው፤ ብርድ የሚችለውን ካርፕ አምጡ» ብሎ መክሮን ነበር። ምክሩ ለኩሬው ደግ ነበር፤ ለአገሩ ግን አይደለም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ የወንድማችንም ኩሬ በነሐሴ ሲሞላ ወደ ጅረት፥ ጅረቱም ወደ ጉማራ ይፈስሳል። በጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ሲኖሩ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ውኃ አይገኙም፤ አንዳንዶቹም በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል በእነዚሁ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ከሌላ አገር የመጣ እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሁላችን አይተናል። እንዲህ ያለ ሌላ እንግዳ በእኛ ኩሬ በኩል እንዲገባ አልፈለግንም፤ ስለዚህ ብርዱን እያወቅን ከጣና የተገኘውን ቀረሶ ወሰድን።

ብርዱም ዋጋውን አስከፈለን። ይህን ጥበብ በማስፋፋት ስማቸው የሚነሣው ጄምስ ራኮሲ በቀረሶ የደከሙት በቨርጂን ደሴቶች ነው፤ ያ ሙቅ አገር ነው። የእነርሱን መጽሐፍ ይዞ ወደ ጉና ግርጌ የሚወጣ ሰው ከ900 ሜትር ዳገት ጋር 5 ወይም 6 ዲግሪ ሙቀት እንደሚያጣ ማሰብ አለበት። ቀረሶ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን መራባት ያቆማል፤ ወደ 10 ሲጠጋም ይሞታል። በኅዳር መጨረሻ አንድ ማለዳ ውኃው 12 ዲግሪ ሆኖ 9 ዓሦች ተንሳፈው አገኘን። በዚያው ቀን በቀርከሃ ላይ ላስቲክ ወጥረን ኩሬውን ሸፈንነው፤ ሌሊት ሌሊትም በላዩ ሣር ደረብን። ከዚያ በኋላ የሞቱት 4 ብቻ ናቸው። የቀሩት ግን እስከ አሁን መዳፍ አይሞሉም፤ በዚህ ከፍታ ዓሣ እሸጣለሁ ብሎ ብር የሚበደር ሰው ቢኖር በቶሎ እንዲተው እንመክራለን። ጎመኑና ቆስጣው ግን በበጋ መካከል ለሁለት ቤት ተርፏል።

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፥ እናታችን በፍስኩም ቢሆን እስከ ዛሬ አልቀመሱትም። ጎመኑን ግን በየሳምንቱ እየቀጠፉ ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ በምን ውኃ እንደ በቀለ ግን ለማንም አይነግሩም።