ውድ ብስክሌትና የእቁብ ገንዘብ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ። ገንዘቡ ባሕር ዳር ለሚማረው ታናሽ ወንድሜ የቤት ኪራይ የታሰበ ነበረ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ግን የወንድሜ ኪራይ ሳይሆን ባሕር ዳር በአንድ ሱቅ መስተዋት ውስጥ ያየኋት ብስክሌት ነበረች። ዋጋዋ የእቁቡን ገንዘብ ጥርግ አድርጎ ይወስዳል። እርስዎም ተማሪ ወይም ጸሐፊ ከሆኑ እንዲህ ያለውን ሌሊት ሳያውቁት አይቀሩም።

ሻጩ «ክብደቷ 8 ኪሎ ብቻ ነው፤ ትበራለች» ብሎኛል። አንበሳሜ ተመልሼ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ጀርባ ላይ (የመንግሥት ወረቀት ነውና ይቅር ይበሉኝ) ሂሳቡን ሠራሁ። እኔ 60 ኪሎ ነኝ። ተራው የብረት ብስክሌት 16 ኪሎ ቢመዝን ከእኔ ጋራ 76 ይሆናል፤ ውዲቱ ከእኔ ጋራ 68። እንግዲህ ክብደቷ የዚያኛው እኩሌታ ሆኖ ሳለ ዳገት ላይ የምታቀልልኝ ድካም ከመቶ ዐሥር ያህል ነው። ሜዳ ላይማ ፈጠን ያለውን ጋላቢ የሚይዘው ነፋስ እንጂ ክብደት ስላልሆነ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። የፎገራ ሜዳ ደግሞ ስሙም ግብሩም ሜዳ ነው! ነፋሱን ለመቅደድ ጎንበስ ማለት ያለ ዋጋ ይገኛል።

ለተወዳዳሪ ነገሩ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ አቶ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት 24ኛ ወጥተዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ ሴኮንድ እንጀራው ነው። እኔ እሑድ እሑድ ሐሙሲት ሻይ ልጠጣ የምወርድ ሰው ነኝ፤ አንድ ደቂቃ ቀድሜ ብደርስ ሻዩ ፈጥኖ አይፈላልኝም።

አንድ ባልደረባዬ ግን ገዛት። አብረን ወደ ወረታ ስንሄድ፣ የጉማራን ድልድይ እንደ ተሻገርን፣ ቀጭኑ ጎማ ተነፈሰ። ወረታ የደረስነው እየገፋን ነው። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ወዲያና ወዲህ አገላብጦ «የዚህ ዓይነት እንኳን እኔ ዘንድ፣ ከተማውም ውስጥ የለም» አለን። ብስክሌቲቱ በአይሱዙ ተጭና ተመለሰች። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ቀን ወደ አንበሳሜ የሚያስወጣው ዳገት ላይ ጥሎኝ ሲሄድ ቅናት ይዞኝ ነበር።

ርካሹን ሁሉ ማመስገኔም አይደለም። ቸርኬው የሚወላገድ፣ ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ጥርስ ያስከፍላል።

የወንድሜን ኪራይ ከፈልሁ። በተረፈው አንዲት ያገለገለች የብረት ብስክሌት ገዝቼ ፍሬኗንና ጎማዋን አስቀየርሁ፤ ኩሽኔታዋን ግራሶ አስቀባሁ። ባለፈው ሳምንት ባልደረባዬ ለወረታ ጉዳይ ገጥሞት ማለዳ በሬን አንኳኳ። የራሱን ደጅ ላይ አቁሞ የእኔን ሊዋስ ነው የመጣው።