እርሾውን አትድፉት



ናይሮቢ በገባሁበት ዓመት ኢስሊ ውስጥ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በአንድ ግቢ እኖር ነበር። ጎረቤቶች የሊጡ ሽታ አስቸገረን ቢሉኝ አፈርኩና ባልዲውን ከነእርሾው ደፋሁት። ከዚያ በኋላ ለወራት ምግቤ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ሆነ። የሆድ ድርቀት ያዘኝ፤ ቶሎ ቶሎም ይርበኝ ጀመር። ዩኒቨርሲቲ አቋርጬ እስክሰደድ ድረስ የተማርኩት ባዮሎጂ ነበር፤ ሆኖም ምን እንደደፋሁ አላስተዋልኩም።

እስቲ አብረን እንመልከተው። እርሾ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ሊጡን የሚያኮመጥጡትና የእንጀራውን ዐይን የሚያወጡት እነርሱ ናቸው። እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይይዛል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ይቀንሳል፤ ሰውነታችንም ማዕድኑን በቀላሉ ያገኛል። ተሕዋስያኑን የምጣዱ ሙቀት ቢገድላቸውም ሥራቸው እንጀራው ውስጥ ይቀራል።

በትልቁ አንጀታችንም ሌሎች ተሕዋስያን ይኖራሉ። ምግባቸው እኛ መፍጨት የማንችለው የእህል፣ የምስርና የጎመን አሰር ነው። እርሱን በልተው የአንጀታችንን ግድግዳ የሚመግብ ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሠራሉ። ነጭ ዱቄትና ስኳር ብቻ ስንበላ ግን ጦማቸውን ያድራሉ። ዩጋንዳ ለብዙ ዓመታት የሠራው ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ አሰር የበዛበት ምግብ በሚበላባቸው የአፍሪካ ገጠሮች አውሮፓ የተለመዱት የአንጀት በሽታዎች ብዙም እንደማይታዩ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጽፏል።

ጤፍ እዚህ ውድ ነው። ነገር ግን ኬንያውያን ዊምቢ የሚሉት የእኛው ዳጉሳ ነው፤ ምታማ የሚሉትም ማሽላ ነው። ሳይነፋ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይቦካል። ባቄላና ሱኩማ ዊኪ ይጨመርበት። ታዲያ እርሾ የቆሸሸ ውኃን አያጸዳም፤ ውኃውን አፍሉት። ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ለምለም እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ልጆች፣ አንዳንዶቻችሁ የምሳ ዕቃችሁን ክዳን ገርበብ አድርጋችሁ እየተደበቃችሁ ስትበሉ አያለሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በኋላ አንዲት እናት በኩባያ እርሾ ሰጥተውኝ «ይህ ከቤት ቤት የሚዞር ነው፤ ነገ አንቺም ትሰጫለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደፍቼ አላውቅም።

እርሾ ያለቀበት ቤት ካለ ልጁ ኩባያ ይዞ ወደ ክፍሌ ይምጣ።