ሽቦ ለበስ

፩
መንዝ አካባቢ፣ ራቤል ከተማ ላይ የገበያ ቀን ነበር። አንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ ሰው ይጭናል፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ጆንያ ይደረድራል። እኔ ጎንበስ ብዬ ከሰልባትዮው፣ ከነዳጅ ታንኩ ማለቴ ነው፣ ወደ ሞተሩ የምትሄደውን የነዳጅ ጎማ አየሁ። ክንድ የሚያህል ርዝመቷ አቧራ ተለጥፎበት ጠቁሯል። ደረቅ ጎማ ላይ አቧራ እንደዚያ አይለጠፍም። በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ ሳጥፋት ቆዳዋ እንደ በጋ መረሬ ተሰነጣጠቀ፤ ጣቴም ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ረዳቱን ጠርቼ አሳየሁት። «ጋሼ፣ ላብ ነው፤ ሁሌም እንዲህ ናት» አለኝ። ልጁ አልዋሸም፤ ከተቀጠረ ጀምሮ የሚያውቃት እንደዚያ ሆና ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የነዳጅ ቱቦ ባየሁ ቁጥር ማስታወሻ እይዛለሁ። እነዚህ ከዚያ የተለቀሙ ናቸው።

፪
«ሞዲፋይድ መኪና» ሲባል ቶሎ ትዝ የምትለን ወጣቶች ዝቅ ያደረጓት፣ ማርሚታዋን የቀየሩላት የአዲስ አበባ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። የአገራችን ትልቁ ሞዲፋይድ መኪና ግን ቅጥቅጡ ነው፤ ስሙ ራሱ አሠራሩን ይናገራል። ለጭነት የታሰበ ሻንሲ ላይ ላሜራ ተቀጥቅጦ የሰው ማመላለሻ ይሆናል። ይህ ሲደረግ አንዳንዴ ሰልባትዮው ቦታ ይለውጣል፤ ተጨማሪም ይገጠማል። ቱቦውም በቅጥያ ይረዝማል፤ ሁለት ጎማ መሃል ላይ በቁራጭ ብረት ይገናኛል። አንድ ቅጥያ ሁለት ማሰሪያ ይጠይቃል፤ አራት ቅጥያ ስምንት። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ነዳጅ የሚያመልጥበት በርም ይጨምራል። ደኅናው አሠራር ሌላ ነው፤ በሻንሲው ርዝመት ልክ የታሰረ የብረት ቧንቧ ይዘረጋል፤ ጎማ የሚገባው ሞተሩ በሚንቀጠቀጥበት ጫፍ ብቻ ነው።

፫
ለመንዝ ሰው ጉንጉን ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የበግ ጠጉር ተፈትሎ ዝተትና ባና የሚሠራበት፣ ከጓሳ ሣር ገመድ የሚገመድበት አገር ነው። አንዲቱ የጓሳ ሣር በሕፃን እጅ ትበጠሳለች፤ ስትገመድ ጭነት ትችላለች። የነዳጅ ቱቦ የሚለብሰው የክር ወይም የሽቦ ጉንጉንም ሥራው ይኸው ነው። ግፊት ሲመጣ ውስጠኛው ጎማ እንዳያብጥና እንዳይፈነዳ ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል። ነገር ግን ውሃ በዝተት አይቀዳም። ነዳጁን የሚቋጥረው ውስጠኛው ሽፋን ነው፤ ሽቦው ጉልበት ይሰጣል፣ መፍሰስን ግን አይከለክልም። ይህችን አንዲት ነገር የያዘ ሰው ቱቦ ሲገዛ አይታለልም።

፬
ጉንጉኑ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በሁለት ድርብ ጎማ መሃል የተቀበረ ክር ነው፤ ጫፉ ሲቆረጥ ብቻ ይታያል። ሁለተኛው ከውጭ የለበሰ የጥጥ ክር ነው፤ የድሮ ቮልስ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ጀርመኖች ዲአይኤን 73379 በሚል ደረጃ ይሠሩታል። ሦስተኛው የማይዝግ ሽቦ ነው። የመጀመሪያው ሲያረጅ ስንጥቁን ራሱ ያሳያል። ሁለቱ ግን ሕመማቸውን ከልብሳቸው ሥር ይደብቃሉ፤ ውስጡ ደርቆ ሲያልቅም ከላይ ደኅና ይመስላሉ። የቮልስ ሰልባትዮ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የጋለ ሞተር አጠገብ ይደርሳል። እዚያ ያለው ክር ለበስ ጎማ ሞቶ ሳለ ጤነኛ ሲመስል አደጋው ከባድ ነው። እነዚህ ቱቦዎች የሚቀየሩት በዘመናቸው ተቆጥሮ ነው፤ መልካቸው ተጠብቆ አይሆንም። የተገጠሙበትን ወርና ዓመት በቀለም መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

፭
ሶማሌ ተራ ሄዶ «የነዳጅ ጎማ» የሚል ሰው የሚጠየቀው ውፍረቱን ነው። ምን እንደሚያልፍበትና በምን ግፊት እንደሚያልፍ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። መልሱ ግን ጎማው ጀርባ ላይ ተጽፏል። ኤስኤኢ 30አር7 የሚለው ለካርቡሬተርና ለዝቅተኛ ግፊት ነው። 30አር9 ውስጡ ነዳጅ የማይበላው ልዩ ጎማ የተለበጠ ስለሆነ ለኢንጀክሽን ይሆናል። 30አር10 ሰልባትዮ ውስጥ፣ ነዳጁ መሃል ለሚጠልቅ ቱቦ ነው፤ ሌላው ዓይነት እዚያ ሲገባ ከውጭ በኩል ይበላል። ለውሃና ለአየር የተሠራው ጎማም እንደ እነዚህ ጥቁር ነው፤ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላል። ጽሑፍ የሌለበትን ጎማ ለነዳጅ አትግዙ፤ ሻጩ ቢምልም አትግዙ።

፮
ዲኤክስ ስትመረት ካርቡሬተር ነበራት። የድሮው ፓምፗ የሚገፋው ከ0.3 ባር ብዙ አያልፍም። አሁን ባለ ኢንጀክተር ሞተር ይቀመጥላታል፤ የነዳጁ ግፊት ወደ 3 ባር ይወጣል፤ አሥር እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየውን አንድ ክንድ ቱቦ ሽቦ ለበስ ያደርገዋል፤ ያምራል። ከወለሉ ሥር ያለው ግን የጥንቱ ነው። ግፊት ደካማውን ቦታ ፈልጎ ያገኛል፤ ውበቱ ጋ አይሄድም። ሞተር የቀየረ ሰው የነዳጁን መንገድ ከሰልባትዮው እስከ ሞተሩ፣ የመመለሻውንም መስመር ጨምሮ መቀየር አለበት። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ሞተሩ ይቆይ።

፯
በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን 5 በመቶ ኢታኖል ተቀላቅሎበት መሸጥ ጀመረ፤ ኢታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያድን መልካም ሐሳብ ነው። ኢታኖል ግን የድሮውን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ሲቆይም ያፈራርሰዋል፤ ፍርፋሪው ፊልተርና ካርቡሬተር ይደፍናል። ጣቢያው የሚቀዳው ነገር ሲለወጥ የቱቦ ዓይነትም አብሮ መለወጥ እንዳለበት ለባለ መኪናው የሚነግር ያስፈልጋል። ነዳጅ ዝም ብሎ የሚያልፍ ውሃ አይደለም፤ የሚያልፍበትን ዕቃ የሚፈትን ፈሳሽ ነው።

፰
የመንዝ ጠዋት ብርድ ይታወቃል። ሌሊት ያደረ ናፍጣ መኪና አልነሣም ሲል ሁሉም «ብርዱ ነው» ይላል፤ ሰው ተሰብስቦ ይገፋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛዋ ቱቦዋ ናት። ከሰልባትዮው ወደ ፓምፑ ያለው መስመር ነዳጅ የሚሳብበት ነው፤ ስንጥቅ ቢኖረው ወደ ውጭ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሌሊቱን ነዳጁ ወደ ኋላ ተመልሶ ያድራል፤ ጠዋት ፓምፑ አየር ያገኛል። ከታች ጠብታ ስለሌለ ማንም አይጠረጥራትም። መለያው ቀላል ነው፤ ፊልተሩ ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ ጥቂት ግፉበት። ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ብርዱን አትውቀሱ፤ አየር የምታስገባውን ቦታ ፈልጉ።

፱
3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ከቆላ ተነሥታ ሞተሯ ግሎ ዳገቱን የወጣች የካርቡሬተር መኪና ደጋው ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቱቦዋ ውስጥ ነዳጁ ተን ሆኗል። ሹፌሮች ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያደርጋሉ፤ ይሠራል። የማያዳግመው መፍትሔ ግን ቱቦውን ከማርሚታው መስመር ማራቅ ነው። ለጋራዥ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አንድ የጨርቅ ቁራጭ ለዓመታት ተሸክሞ ከመዞር ይቀላል።

፲
አንድ ጋራዥ ሽቦ ለበስ ቱቦ ሲገጠም አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ወጣቱ መካኒክ የሚቆረጥበትን ቦታ በናስትሮ አጥብቆ ጠቀለለው፤ ሽቦው እንዳይበተን ነው። በናስትሮው መሃል ለመሃል በጥርሰ ደቃቅ የብረት መጋዝ ቀስ ብሎ ቆረጠ። ከዚያ ቱቦውን ወደ ታች ዘቅዝቆ አየር ነፋበት። ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር የጎማ ዱቄትና አንዲት የፀጉር ያህል የቀጠነች የሽቦ ስባሪ ወደቀች። «ይቺ ኢንጀክተር ገብታ ቢሆን ሞተሩን ይዛ ትቀመጥ ነበር» አለኝ። ሌላ ጋራዥ ሲሆን ቱቦው ይቆረጣል፣ ይገጠማል፣ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ጨርቅና ሁለት ደቂቃ ነው።

፲፩
የሽቦ ለበስ ቱቦ መጠን ኤኤን በሚል ፊደል ይጻፋል፤ ከአሜሪካ ጦርና ባሕር ኃይል የመጣ አለካክ ነው። ቁጥሩ የኢንች አሥራ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ኤኤን 6 ማለት 6/16 ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊሜትር ገደማ። የመገጣጠሚያው ሾጣጣ አፍ 37 ዲግሪ ነው፤ የተለመደው የመኪና ቧንቧ አፍ ደግሞ 45። ሁለቱ ጥርሳቸው የተግባባበት ጊዜ አለ፤ አፋቸው ግን አይገጥምም። በኪያቤ ጉልበት ሲጠብቅ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ሞተሩ ሲግል ያንጠባጥባል። ጉልበት የልክን ቦታ አይተካም።

፲፪
ሽቦ ለበሱ ራሱ ሞረድ ነው። መኪና በተንቀጠቀጠ ቁጥር የነካውን ሁሉ ይሞርዳል፤ ቀለም ይልጣል፣ የአሉሚኒየም ቧንቧ ይበሳል፣ የባትሪ ገመድ ፕላስቲክ ይበላል። የተላጠ ገመድና ቤንዚን የተሸከመ ብረት ሲገናኙ የሚሆነውን መንገር አያሻም። ስለዚህ በየስንዝሩ ጎማ ባለው መያዣ ይታሰር፤ ላሜራ በስቶ የሚያልፍ ከሆነ ቀዳዳው የጎማ ቀለበት ይግባለት። ሞተሩ ሲነቃነቅ እንዳይወጠር ትንሽ ይርገብ፤ ተጠማዞም አይታሰር። የውስጡ ሽፋን ቴፍሎን ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ዓይነት ይመረጥ፤ ነዳጅ ሲሮጥ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ መውጫ ካጣ ሽፋኑን ይበሳዋል።

፲፫
ቱቦን በቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር፣ የሚያፈስበትንም በላስቲክ ቁራጭ መጠቅለል በመንገድ ላይ ያየሁት የዕለት ተዕለት ጥገና ነው። ሰው በረሃ ላይ ቆሞ ቢያደርገው አልፈርድበትም። የምፈርደው ከተማ ደርሶ እንደዚያው ሲተወው ነው። ቀጭን ሽቦ ጎማውን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል። ጥርሱ የተበሳው ተራ ማሰሪያም ሲጠብቅ ጎማውን ይፍቃል፤ ለኢንጀክሽን ጠርዙ የታጠፈና ውስጡ ለስላሳ የሆነው ይሻላል። ከናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ኮመን ሬይል የሚባሉት ከ1,000 ባር በላይ ግፊት አላቸው። እዚያ መስመር ላይ ጎማ የሚባል ነገር አይገባም፤ ፍሳሽ አለ ብሎም በእጅ መዳሰስ ክልክል ነው። ተስፈንጥሮ የሚወጣው ነዳጅ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል።

፲፬
ቤንዚን በሃይላንድ ላስቲክ ሞልቶ በረንዳ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው በየትንሹ ከተማ አለ። «አገሩ ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል ሰምቻለሁ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል፤ የመንዝ ብርድ ለእሱ ሙቀት ነው። ተኑ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተስቦ ከሰል ምድጃ ድረስ ይሄዳል። የምታንጠባጥብ ቱቦም ከበረንዳው ሃይላንድ በምንም አትለይም፤ ልዩነቷ ሰው ተጭኖባት መሮጧ ነው። የእሳት አደጋ መኪና በማይደርስበት ገደል ዳር በሩ አንድ የሆነ ቅጥቅጥ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ የቀለም ትምህርት አይደለም።

፲፭
ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ያሉን የነዳጅ መኪኖች እንግዲህ ከእኛው ጋር ያረጃሉ፤ ሞተራቸው ይቀየራል፣ ሰልባትዮአቸው ይበየዳል፣ ገና ብዙ ዓመት የራቤልን መንገድ ይመላለሳሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ይህን ቀን ያዩ ይመስለኛል። ሹፌር ወንድሜ፣ ነገ ከመነሣትህ በፊት ካቢኑን ከፍተህ ቱቦዋን በጣትህ እጠፋት፤ ከተሰነጠቀች ቀይራት። አዲስ ስትገጥም ማብሪያውን ከፍተህ ሞተሩን ሳታስነሣ እያንዳንዱን ማያያዣ በደረቅ ወረቀት አብስ፤ ሲግልም ድገመው፤ ከሳምንት በኋላም አይተህ አጥብቅ። ባለቤቱ ገንዘቡን ካልሰጠህ ተሳፋሪውን አትጫን። ያ ረዳት ልጅ «ላብ ነው» ያላት ቱቦ ዋጋዋ ከአንድ የመለዋወጫ ጎማ በእጅጉ ያነሰ ነበር።