ከላይ ያየነው አፈር

ሉክሶር የግብፅ ከተማ ናት፤ በዓባይ ዳር ትገኛለች። እዚያ በፊኛ ወጣን። የልጆች መጫወቻ አይደለም። ትልቅ የጨርቅ ከረጢት ነው። ሰው ከሥሩ በተንጠለጠለው ቅርጫት ውስጥ ይቆማል። እሳት ሲነድ የከረጢቱ አየር ይሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ነው። ስለዚህ እንደ ምድጃ ጢስ ሽቅብ ይወጣል።

የሚኬደው ጎህ ሲቀድ ነው። ፀሐይ አሸዋውን ካጋለች አየሩ ይናወጣል። እኛ ግን ፈርተን ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሉክሶር አንድ ፊኛ በእሳት ተያይዞ 19 ሰዎች ሞተዋል። ደግሞም ፊኛ መሪ የለውም! ነጂው ከፍና ዝቅ እያለ የሚስማማውን ንፋስ ይፈልጋል እንጂ።

ከመሬት ስንለቅ አልታወቀንም። ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ወጣች። ታች ዓባይ ይታያል፤ ግራና ቀኙ የሸንኮራ አገዳ ነው። ከዚያ አረንጓዴው በቢላዋ እንደተቆረጠ ያበቃል። ቀጥሎ ድንጋይና አሸዋ ብቻ።

ያን እርሻ ያበጀው አፈር አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በጎርፍ ታጥቦ የሄደ ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ ደለሉ ሉክሶር አይደርስም። የድሮው ግን አለ። አንዱ ጓደኛችን ቁልቁል እያየ፣ «ይሄማ የጎጃም መሬት ነው» አለ። ማንም አልሳቀም።

ቅርጫቱ ሁለት ጊዜ ነጠረና እርሻ ዳር ቆመ። ወርደን አፈሩን ቆንጥረን አየነው። ጥቁር ነው።