አንድ ቁጥር

የብሔራዊ ቡድናችን የተጫዋቾች ዝርዝር ይፋ በሆነ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ግብ ጠባቂዎቹ ላይ ነው። እገሌ የተባለ አጥቂ ተረሳ፣ አማካዩ ተዘለለ እያለ የሚሟገት ሞልቷል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አሠልጣኙ ብዕር ከማንሣቱ በፊት ክለቦች የመረጡት ምርጫ ነው።

ጥር 2005 ዓ.ምን የረሳ ደጋፊ ያለ አይመስለኝም። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ገብተን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተገናኘን። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በአሥር ሰው ታግለን፣ አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያየን፤ ያ ምሽት እንዴት ያለ ምሽት ነበር! ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ረታችን። በአስተርዮ ማርያም ዕለት ደግሞ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፤ ቅያሬው አልቆ ነበርና የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ግብ ላይ ቆመ።

ልጆቹን አልወቅስም። የሚቆጨኝ ከስንት ጥቂቶች መካከል እንደተመረጡ ሳስብ ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ኡጋንዳዊውን ዴኒስ ኦንያንጎን ገና በወጣትነቱ አሰልፎታል፤ ኋላም ሮበርት ኦዶንካራን ለዓመታት። ሁለቱም ለኡጋንዳ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፈዋል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም ሻምፒዮን ሲሆን ግብ ጠባቂው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። ጎበዞች ናቸው፤ ክለብም ዋንጫ ይሻል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ተጠባባቂ አጥቂ ሃያ ደቂቃም ቢሆን ይገባል፤ ሁለተኛ በረኛ ግን ዓመቱን ቁጭ ብሎ ይፈጀዋል። ግብፅ ለክለቦቿ የውጭ ግብ ጠባቂ ማስፈረምን ከልክላለች። በ45 ዓመቱ በዓለም ዋንጫ የተሰለፈው ኤሳም ኤል ሀዳሪም የግብፅ ልጅ ነው።

እዚህ በቦረና ደጋ የምንጫወትበት ሜዳ ተዳፋት ነው። በረኛ የሚደረገው ታናሹ ወይም መሮጥ የማይሆንለት ነው፤ ከግቡ ያለፈችውን ኳስ ቁልቁል ወርዶ የሚያመጣትም እርሱው። (ለበረኛ ያለን ንቀት ከክለቦች የጀመረ አይደለም ማለት ነው።) አንድ ልጅ ግን ወዶ ይቆማል። ረጅም ነው፤ ኳስ ሳትመታ የምትሄድበትን ያውቃል፤ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ጠጠር መሬት ላይ ያለ ጓንት ይወድቃል። ከደሴ ተነሥቶ፣ አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም ድረስ እንዲህ ያለውን ሊያይ የመጣ መልማይ ግን አንድም ቀን አላየሁም።

በቀደም የሚያጫውታቸው ሰው፣ «ክለብ መግባት ከፈለግህ ወደ ፊት ውጣና አጥቂ ሁን፤ በረኛ እንደሆነ ከውጭ ነው የሚያመጡት» ሲለው ሰማሁ። ልጁ አልመለሰለትም፤ ኳሷ ቁልቁል ሄዳ ነበርና ሊያመጣት ወረደ።