ለዘር የሚቀር ቲማቲም

የሱቅ ቲማቲም ጣዕም አጣ እያልን ስናማርር ዓመታት አልፈዋል። እውነት ነው፣ ግን ምክንያት አለው። ያ ቲማቲም የተመረጠው ለምላስ ሳይሆን ለመንገድ ነው። ቆዳው ጠንክሮ መኪና ላይ እንዳይፈርጥ፣ መደርደሪያ ላይ ብዙ እንዲሰነብት ተብሎ ተዳቅሏል፤ ብዙ ጊዜም ሳይበስል ይለቀማል። እኩል እንዲቀላ ተብሎ የተመረጠለት ባሕርይም መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ጥሬው ፍሬ ጫንቃ ላይ ያንን ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የሚያወጣው ዘረ መል ሲበላሽ የፍሬው ስኳርም ይቀንሳል። ጓሯችሁ ውስጥ ጫንቃው የጠቆረ ጥሬ ቲማቲም ካያችሁ ታመመ ብላችሁ አትንቀሉት።

እኔ ሜሪላንድ ባለችው ትንሽ ጓሮዬ የምተክለው ነባር ዝርያ የሆኑትን ትንንሾቹን ነው። ነባር የሚባለው ዘሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ፣ ሲዘራም እናቱን የሚመስል ነው። ቢጫዋ «የሎው ፒር» አንገቷ ቀጠን ያለ ነው። የጀርመኗ «ሪዘንትራውበ» ደግሞ ጫፏ ሾል ብሎ በትልልቅ ዘለላ ትንጠለጠላለች። ዲቃላው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ «ሰንጎልድ» የምትባለው ብርቱካናማ ዲቃላ በጣም ትጣፍጣለች። ዘሯን አስቀርታችሁ ብትዘሩት ግን የሚወጣው እሷን አይሆንም። በየዓመቱ እንደገና ትገዛላችሁ።

ነባሮቹ እንከን የላቸውም አልልም። ድርቅ ሰንብቶ ዶፍ ሲወርድባቸው ቆዳቸው ይሰነጠቃል፤ ገበያ የማይወዳቸውም አንዱ ለዚህ ነው። ከጓሮ ወደ ሳህን ለሚሄድ ፍሬ ግን ይህ ምን ያስጨንቃል? ውኃ ሳታዛቡ ከሥሩ አጠጡ፣ ቅጠሉን አታርሱ፣ አፈሩን በገለባ ሸፍኑ። ቁመታቸው ከ2 ሜትር ስለሚያልፍ ጠንካራ እንጨት ገና በችግኝነታቸው አስደግፏቸው። እኛ አካባቢ ዘሩ መጋቢት ላይ ቤት ውስጥ ይፈላል፤ ችግኙ ወደ መሬት የሚወርደው ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ውርጩ ሲያልፍ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ዘር የሚመረጠው ካማረ ፍሬ ሳይሆን ካማረ ተክል ነው፤ ቀድሞ ካፈራው፣ በሽታ ካልደፈረው። በደንብ የበሰለውን ፍሬ ጨምቃችሁ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ከጥቂት ውኃ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ላዩ ነጭ ይለብሳል፣ እንደ ቡሖ ኩፍ ኩፍ ይላል፣ ይሸታል። ይሽተት። ያ ዝልግልግ ዘሩ እንዳይበቅል የሚይዝ ነገር ስላለው መሟሟት አለበት። ከዚያ አጥባችሁ፣ የተንሳፈፈውን ደፍታችሁ፣ ሥር የዘቀጠውን ሳህን ላይ አስጡት። ወረቀት ላይ ካሰጣችሁት ይጣበቃል። በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አራት አምስት ዓመት ይቆያል።

አሜሪካ ውስጥ «ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው ዳያን እና ኬንት ዊሊ ከዳያን አያት የተረከቡት የአበባና የቲማቲም ዘር እንዳይጠፋ ብለው ነው። በእኛ አገር ደግሞ የአዲስ አበባውን የዘር ባንክ ይመሩ የነበሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ አለበት ብለው ከገበሬዎች ጋር ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትም ተሰጥቷቸዋል። ማሽላውን ሲያጭድ ያማረውን ራስ ለይቶ የሚያስቀር ገበሬ ልጆች ነን። የቲማቲም ዘር ከሱቅ ብቻ ይገኛል ብለን ማሰባችን ይገርመኛል።

እናም ወዳጆቼ፣ ዘንድሮ ጓሮ ያላችሁ፣ በረንዳ ላይ አንድ ባልዲ አፈር ያላችሁም፣ አንድ ነባር ዝርያ ትከሉ። ከምርጡ ተክል ጥቂት ፍሬ ሳትበሉ ለዘር አስቀሩ። ግማሹን ለራሳችሁ አስቀምጡ፤ ግማሹን ለጎረቤት ስጡ። የእናንተ ቢጠፋ ከእሱ ትወስዳላችሁ።